አምስት ሴንቲሜትር

ሲይዙኝ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር፣ መንገድ ዳር ባለችው የስፌት ሱቄ ቁጭ ብዬ የአንድ ሰው ሱሪ ሳሳጥር ሦስት ሰዎች ገቡ። ረጅም ነጭ ጨርቅ ዘርግተው «ይህን የሰፋኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። ጨርቁን አወቅሁት፤ ጠርዙን የቀመቀምኩት እኔ ነኝ። የተጻፈበትን ግን ማንበብ አልችልም፤ ለስብሰባ ነው ብለው ያሠሩኝ ሰዎችም አላነበቡልኝም።

«ስፌቱ የኔ ነው፤ ነገሩ የኔ አይደለም» አልኩ።

ሱሪው አንድ እግሩ አጥሮ አንዱ ሳያጥር ቀረ።

ያስገቡኝ ቤት በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው ወርዶ የነበረ ነው። አዲስ ቆርቆሮ አልብሰውታል። ግድግዳው ላይ ጥይት የበሳው ሁሉ በሲሚንቶ ተደፍኖ የፈንጣጣ ጠባሳ መስሏል። ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። ውጭ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይሰማል፤ ያኔ ሐርጌሳ ግማሹ ፍርስራሽ፣ ግማሹ ግንበኛ ነበር።

ከኔ ጋር አምስት ሆንን። አንዱ የሒሳብ መምህር ነው፤ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ስለሆነ አማርኛው ከኔ ይሻላል። አንዱ በጅግጅጋ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው፤ እሱም አማርኛ ይሰማል። የቀሩት ሁለቱ አንድ ዳቦ ጋጋሪና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ከሐረር በኩል የመጣሁ ሰው ነኝ። ከቁርአን ቤት ሌላ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል።

መምህሩን ሲይዙት ካልኩሌተሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጠባቂው ገለባብጦ አየውና አንቴና ስለሌለው መለሰለት። የሱቅ ካልኩሌተር አይደለም፤ ቁልፉ ብዙ ነው፣ እኔ ከቁጥሮቹ በቀር የማውቀው ምልክት አልነበረበትም። የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ብረት መሐል ስትገባ እዚያች ጭረት ላይ አስቀምጦ ይነካካዋል። አንድ ቀን ጎኑ ተቀመጥኩ።

«ምን እያወጣህ ነው?»

«ተማሪዎቼ ያመጡት ውጤት ትዝ እያለኝ አማካዩን ነው።»

«አማካይ ምንድነው?»

«አምስት ብርጭቆ ሻይ አለ በል። አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ጠብታ። ሁሉንም ወደ በራዱ መልሰህ እኩል አድርገህ ብትቀዳው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ነው።»

«ይሄማ ፍትሕ ነው» አልኩት።

«ሒሳብ ነው» አለኝ።

ከዚያ ስድስትን፣ ስምንትንና አሥርን ሰጠኝና «አማካያቸውን አውጣ» አለኝ። እንደ ገበያው ልማዴ ስድስት ሲደመር ስምንት ሲደመር አሥር ብዬ፣ ለሦስት አካፍዬ ተጫንኩ። አሥራ ሰባት ከምናምን አለኝ።

«መምህር፣ ዕቃህን ፀሐይ መታው! ከሦስቱ ትልቁ አሥር ነው። አማካዩ ከሁሉም እንዴት ይበልጣል?»

መምህሩ ጉልበቱን መታ። «ወላሂ፣ ይህን ለማስተዋል ተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል! ስማ፣ የሱቁ ካልኩሌተር የነገርከውን በተራ ይሠራል። ይሄኛው ግን ማካፈልን ያስቀድማል። አሥሩን ብቻ ለሦስት አካፍሎ ስድስትና ስምንቱ ላይ ደመረልህ። መጀመሪያ ሦስቱን በቅንፍ እሰራቸው፣ ወይም ደምረህ እኩል ይሆናልን ተጫን። ከዚያ አካፍል።»

ገባኝ። ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት በስፒል እንደማያይዘው ማለት ነው። በቅንፍ አስሬ ስጫን ስምንት ብቅ አለ። ምን ልበላችሁ፣ እስር ቤት መሆኔን ረስቼ ጮህኩ።

«አባ መቀስ ዩኒቨርሲቲ ገባ!» አለ ሾፌሩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ጠቡ የተነሳው። ከኛ ጎን ሌላ ክፍል ነበር፤ አራት ሰዎች አሉበት። ሁለት ክፍል አንድ ላይ ወደ ግቢ አይወጣም። ዓርብ ቤተሰብ እስከ ሽቦው አጥር ድረስ ይመጣል፤ ዘመዱን የሚያየው ግን ተራ ደርሶት ግቢ የወጣው ክፍል ብቻ ነው። አንድ ዓርብ ማንም ሳይወጣ ስላለፈ ተራው ተምታታ። እኛም የኛ ነው አልን፤ እነሱም የኛ ነው አሉ።

ሾፌራችን ከታሰረ በኋላ ሚስቱ ወልዳለች። የተወለደችው ሴት መሆኗን ሰምቷል፤ ሌላ የሚያውቀው የለም። በመጪው ዓርብ ይዣት እመጣለሁ፣ ከዚያ ቡርዖ ከተማ እናቴ ጋ እሄዳለሁ ብላ ልካበታለች። ይህ ዓርብ ካለፈ መቼ እንደሚያያት የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ግድግዳውን እየደበደበ ሲጮህ አልፈረድንበትም።

የጥበቃው አለቃ በሩን ከፈተ። የቀድሞ ታጋይ ነው፤ ውድድር ይወዳል።

«በቃ! ራሴን አዞራችሁት! ዝለሉ፤ የበለጠ የዘለለ ክፍል ዓርብን ይውሰድ። ሁሉም ይዘላል፣ ይደመራል።»

በጎን ካለው ክፍል አንድ ጎርናና ድምፅ ተነሳ። «እነሱ አምስት፣ እኛ አራት! ይህ ምን ዓይነት ድምር ነው?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ልክ ነው። አማካዩ ይውጣ።» ጋጋሪው ጎኑን ቢጎስመውም ቃሉን አልመለሰም።

በፊት እነሱ ወጡ። ቆመው ወደ ፊት እየዘለሉ፣ ጠባቂው በኔ ሜትር እየለካ፣ በምስማር ግድግዳ ላይ እየጫረ። መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሃምሳ፣ መቶ አርባ፣ ሰባ። እኛ መስኮቱ ላይ ተደራርበን እንስቃለን። ቀጥሎ እነሱ ገብተው እኛ ወጣን። ሾፌሩ ሸሚዙን አውልቆ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተወነጨፈ። ሁለት መቶ አሥር! መምህሩ መቶ ሃምሳ፣ እኔ መቶ ሠላሳ፣ ጋጋሪው መቶ።

የቀሩት ሽማግሌው ነበሩ። «አዴር፣ ቀስ ይበሉ!» አልናቸው፤ በሶማሊኛ አጎት ማለታችን ነው።

«አዴርዬ፣ እንደ ግመል ይዝለሉ!» ይላሉ እነዚያ በመስኮት።

«ከናንተ መሐል ሰባ የዘለለ ሰው አይቻለሁ፤ ዝም በሉ!» ብለው ዘለሉ። ስልሳ። ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

መምህሩ ካልኩሌተሩን ሊያወጣ ሲል አለቃው ተቀበለው። «እስረኛ ቆጥሮ ለራሱ ሊፈርድ? እኔ እጫናለሁ፤ ጫት ስገዛ ሁልጊዜ የምጫነው ነው።» ፀሐዩ ላይ ቆሞ በአንድ ጣቱ ጫነ። የነሱን አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ከግማሽ አለ፤ የኛን ስድስት መቶ ሁለት።

«ዓርብ የናንተ ነው!»

ሾፌሩ ሽማግሌውን አቅፎ አነሳቸው። እኔ ግን ቁጥሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መምህሩን አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር።

«ሰማኸው?» አለኝ በአማርኛ፤ አለቃው አማርኛ አይሰማም።

«ሰማሁት። ግቢውን አቋርጦ የዘለለ ሰው አለ።»

«የመጨረሻውን ብቻ ነው ያካፈለው። ሰው በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ያብጣል።»

«መምህር፣ ለልጅቷ ሲባል ዝም እንበል» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሾፌሩ ሽማግሌውን አወረዳቸው። አማርኛ እንደሚሰማ በደስታው መሐል ረስተነዋል። «ምንድነው የምታንሾካሹኩት?» አለ። ነገርነው። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ትክክለኛው ስንት ነው?»

«አልሠራሁትም» አለ መምህሩ፤ «ልናሸንፍም እንችላለን።»

«እንግዲያው ይሠራ። እኔ ልጄን በሐራም አላያትም።»

ራሱ ወደ አለቃው ሄዶ ነገረው። አለቃው ፊቱ ጠቆረ። እኔ ቀረብ ብዬ «አለቃ፣ ረጅሙ ዝላይ ሁለት መቶ አሥር ነው። ስድስት መቶ የዘለለው ማነው?» አልኩት። ግድግዳውን አየ፤ ካልኩሌተሩን አየ። በመስኮት ጎርናናው ሰውዬ ቀደመው።

«ስድስት መቶ? ሾፌሩ ከነመኪናው ነው የዘለለው?»

አለቃው ራሱ ሳቀ። መምህሩ ይጫን ሲባል እነዚያ አይሆንም አሉ። በመጨረሻ ጎርናናው «ሐበሻው ይጫን! እሱ የማንም ጎሳ አይደለም» አለ። በዕድሜዬ ባዕድ መሆኔ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካልኩሌተሩን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ የኔን ጣት ይጠብቃል፤ የሦስተኛ ክፍሉን ተማሪ! በቅንፍ አሰርኩ፣ የኛን አምስቱን ደመርኩ፣ ዘጋሁ፣ ለአምስት አካፈልኩ። መቶ ሠላሳ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የነሱን አሰርኩ፣ ዘጋሁ፣ ለአራት አካፈልኩ። አንዴ አየሁት፤ መልሼ ጫንኩት፤ ያው ነው።

«መቶ ሠላሳ አምስት።»

መስኮቱ ፈነዳ። እነዚያ ቆርቆሮ እየደበደቡ ይዘፍናሉ። ሾፌሩ ሸሚዙን ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋ። «ጥሩ ጫንክ፣ አባ መቀስ» ብሎኝ ገባ።

ዓርብ ጠዋት ሾፌሩ ከመጠጫ ውሃው ቀንሶ ፊቱን ታጠበ፤ ሸሚዙንም ገልብጦ በንጹሑ በኩል ለበሰ። ማንም እንደማያየው ያውቃል። መስኮታችን ወደ አጥሩ አያይም፤ እሱ ግን ሄዶ ብረቱ በር ሥር ቆመ። ውጭ የቤተሰቡ ጫጫታ ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ጎርናናው ድምፅ በራችን ድረስ መጣ።

«አንተ ሾፌር! ሚስትህ መጥታለች። ልጅህን እያየኋት ነው።»

«ማንን ትመስላለች?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንተን አትመስልም። ፀጉሯ ብዙ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች። ኧረ ቆይ፣ ገለጠች! አስነጠሳት! የርሐሙኪላህ፣ ይማርሽ በል እንጂ!»

ሾፌሩ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

ከዚያ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ጎርናናው «ዝም በሉ! አባቷ ይስማ!» ብሎ ጮኸ። ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ፤ እስረኛውም፣ ዓርባቸውን የሚጠብቁት ቤተሰቦችም፣ አለቃውም። የአንዲት ሕፃን ልቅሶ ብቻ ቀረ። እኛም ወደ ግድግዳው ዞርን፤ ሰውየው ፊቱን እንደልቡ ያድርገው ብለን።

የኔ ነገር በኋላ ተጣርቶ ወጣሁ። እዚሁ ከተማ አርጅቻለሁ፤ አሁን ክር የሚያስገቡልኝ ሌሎች ናቸው። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ዱላና ረኀብ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እሱም ነበር፤ አልክድም። ወደ እኔ የሚመጣው ግን የዝላዩ ቀን ጩኸት ነው። ሾፌሩን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ልጅቷ ዛሬ እሷም ወልዳ ይሆናል። አባቷ ያን ዓርብ ያላያት በአምስት ሴንቲሜትር፣ በትክክለኛ ሒሳብ መሆኑን የነገራት ሰው ይኖር ይሆን?