ዱዓው ሳያልቅ የተዘጋው በር

አባዬ ሾፌር ነው፤ የካልጋሪን መንገድ በሙሉ ያውቃል። ባስ ግን አያምንም። ሳቫና ሰፈር ካለው ቤታችን ዩኒቨርሲቲ የምሄደው በባስና በሁለት ባቡር ነው። ብርዱ ሲጠና ግን ሺፍቱን ቀይሮም ቢሆን እሱ ያደርሰኛል። "መኪና እያለኝ ልጄ ፌርማታ ላይ ትቆማለች?" ይላል።

ስለዚህ ሁለተኛ ዓመቴን ስኮትላንድ፣ አበርዲን ሄጄ መማር እፈልጋለሁ ስለው ስለ ትምህርቱ ምንም አልጠየቀኝም።

"እዚያ ማን ያደርስሻል?" አለ።

"ማንም። በባስና በባቡር ነው የምሄደው።"

"ዳውንታውን ባቡር ስትቀይሪ እንኳን ለእኔ ቴክስት ታደርጊያለሽ።"

"አድርጊ ስላልከኝ ነዋ!"

እናቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ሲያስብበት ሰነበተና አንድ ቀን ራት ላይ ውሳኔውን ነገረኝ። ትምህርት በሚቋረጥበት ሳምንት፣ በሪዲንግ ዊክ፣ እንግሊዝ አገር ሊድስ ታላቅ ወንድሙ ቤት አርፋለሁ። ከዚያ እስከ አበርዲን ብቻዬን ሄጄ ከተማውን አይቼ እመለሳለሁ። የሚያደርሰኝም ሆነ አብሮኝ የሚሳፈር ሰው አይኖርም። ይህን ከቻልኩ ይፈቅዳል፤ ካልቻልኩ ትምህርቴን ካልጋሪ እጨርሳለሁ። ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ "እሺ" አልኩ።

አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከወሎ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እንግዳ አያያዛቸው ግን እንዳለ ነው። ከኤርፖርት በመኪናቸው ተቀበሉኝ፤ ስምምነቱ ያንን አይጨምርም ነበር። ወደ አበርዲን በምሄድበት ጠዋት ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ሲጠብቁኝ ግን ደነገጥኩ።

"ጋሼ፣ በባስ ነው እኮ የምሄደው።"

"እንግዳ ከቤቴ በባስ ይወጣል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ማንም አያየንም።"

"እኔ አያለሁ!"

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ መኪናውን ትተው እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ በባስ ሊሸኙኝ ተስማማን፤ ከጣቢያው በኋላ ያለውን መንገድ ብቻዬን ልሄድ። ባለ ሁለት ፎቅ ባስ ላይ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል መሰለኝ፣ ላይኛው ፎቅ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በየመታጠፊያው "ቀስ በል አንተ! ዛፉን ልትገጨው ነው!" ይላሉ። ሾፌሩ ከታች ሆኖ አይሰማም። እኔም "አይሰማዎትም ጋሼ" ብላቸው፣ "ይሰማል፤ ይኸው ቀስ አለ" አሉኝ።

ጣቢያው ስንደርስ ሻንጣዬን አልሰጥም አሉ። የቲኬት በሩን የምትጠብቀው ሴት፣ ሽማግሌ ሰው ሻንጣ ይዘው ስታይ ከፍታ አስገባቻቸው። ባቡሩ ውስጥ ገብተው ሻንጣውን ከላይ ሰቀሉት፤ ወንበሬን መረመሩ፤ መስኮቱን በሶፍት ጠረጉልኝ። አሁን ይወርዳሉ ስል ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ነይ፣ ዱዓ ላድርግልሽ።"

የወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ አይቸኩልም። የሚመረቀውም ሰው እጁን ዘርግቶ አሚን ማለት ነው እንጂ መሃል ገብቶ አያቋርጥም። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት።

"አላህ መንገድሽን ያቅናው።"

"አሚን።"

"ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የእንጀራሽን በር ይክፈትልሽ።"

"አሚን።" ከውጭ ፊሽካ ተነፋ።

"እናት አባትሽን የምትጦሪ ያርግሽ። ለባዕድ አገር እጅ አይስጥሽ።"

"አሚን… አሚን።" የባቡሩ በር ጮኸ። ጋሼ ይውረዱ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ አሚን ነበር። ለሟች ዘመዶቻችን ሁሉ ለምነው፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ዓይናቸውን ሲገልጡ ፕላትፎርሙ በመስኮቱ እያለፈ ነበር።

"እንዴ! ጣቢያው ወዴት ይሄዳል?"

"ጣቢያው አይደለም ጋሼ። የምንሄደው እኛ ነን።"

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴት ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ጋሼ ራሳቸው አስረዱት፦ "ቲኬት የለኝም። እየመረቅኳት ነው በሩ የተዘጋው።" ሰውየው ሁለታችንን አየና ቀጣዩ ጣቢያ ዮርክ እንደሆነ፣ እዚያ ወርደው መመለስ እንደሚችሉ ነግሯቸው እየሳቀ አለፈ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አብሮኝ የሚሳፈር ሰው አይኖርም ተብሎ ነበር። ጋሼ ደግሞ ከጎኔ ተመቻችተው ተቀምጠዋል።

"አየሽ፣ አላህ ያለው ነው" አሉ። "ብቻሽን እንዳትሄጂ ነው በሩን የዘጋው። በቃ፣ ቲኬት ቆርጬ እስከ አበርዲን አደርስሻለሁ።"

"አባዬስ ጋሼ?"

"አባትሽን ለእኔ ተይው። ታናሼ ነው። ፍቀድላት ካልኩት ይፈቅዳል፤ ከቃሌ አይወጣም።"

እውነታቸውን ነበር። አባዬ የታላቅ ወንድሙን ቃል አይጥልም። ነገሩ እዚያው ወንበሬ ላይ ሊያልቅልኝ ይችል ነበር። ለትልቅ ሰው እምቢ ማለትም አልለመድኩም፤ ሰው ደስ እንዲለው እሺ ማለት ይቀናኛል። ከመስኮቱ ውጭ እርጥብ ሜዳና በጎች ያልፋሉ። ዮርክ ሩቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ካዘዙት ይፈቅዳል" አልኳቸው። "ግን አያምነኝም። እኔ እዚህ ስማር እሱ እዚያ ስልኩን ይዞ እንቅልፍ ያጣል። እንዲያምነኝ ነው የምፈልገው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ዮርክ ይውረዱ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

"ይኼ ግትርነት ከማን መጣ?" አሉ በመጨረሻ።

"ከአባዬ።"

"እሱስ ከማን አመጣው?" ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉና ተነሱ።

ዮርክ ወረዱ። ባቡሩ ሲነሳ አንዱን የጣቢያ ሠራተኛ ይዘው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓው እንዴት እንደነበር ሲያሳዩት በመስኮት አየሁ።

ኒውካስል ስንደርስ ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ወደ ፊት ያለው ሐዲድ እየተጠገነ ስለነበር እስከ ኤድንብራ ባስ ነው የሚወስደን። ዝናብ ይዘንባል፤ ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ በረጅሙ ተሰልፏል። እኔም አንዱ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ባሱ በየትንንሹ ከተማ የሚቆም ሆኖ ተገኘ፤ ያ ከሆነ የአበርዲኑ ባቡር ያመልጠኛል። በዚያ ሰዓት ስልኬ ጠራ፤ አባዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ መንገድ ሲጠፋኝ የምደውለው ለእሱ ነው። "ደህና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁትና ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰውን ሠራተኛ ጠየቅኩ። ቀጥታ የሚሄደው ከጀርባ በኩል እንደሆነ አሳየኝ። ሻንጣዬን ይዤ ሮጥኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

በእንፋሎት የተሸፈነውን የባስ መስኮት በእጅጌዬ ስጠርገው በቀኝ በኩል ባሕር ታየኝ። ግራጫ ነበር፤ ቁጡም ነበር። ደስ አለኝ። ኤድንብራ ላይ ባቡሬን አገኘሁት፤ ጫማዬ ረጥቦ፣ ርቦኝ አበርዲን ገባሁ።

ከጣቢያው ሳልወጣ ለአባዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጋሼ አብረውኝ መሳፈራቸውንም።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ወንድም ጋሼ ደውለውልኛል። ፍቀድላት ብለው አዘውኛል።"

"እንዳያዙህ ለምኛቸው ነበር እኮ!"

"እሱንም ነግረውኛል። እሺ አላልኳቸውም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ከሊድስ ዮርክ ያለው አይቆጠርም።"

"አባዬ! በሩ ተዘግቶባቸው ነው!"

"አይቆጠርም። ስትመለሺ ከዮርክ ሊድስ፣ ከጣቢያውም እስከ ቤታቸው ብቻሽን ግቢ። ያን ጊዜ እናወራለን።"

ተናደድኩ፤ ግን እሺ አልኩ። ከተማውንና ዩኒቨርሲቲውን ሳይ ቆየሁና ተመለስኩ። ዮርክ ላይ ባቡር ቀየርኩ፤ ሊድስ ላይ ጋሼ እንዳይመጡ እየጸለይኩ ከጣቢያው ወጣሁ። አልመጡም። ባሱን ተሳፈርኩ፤ መውረጃዬ ሲደርስ ደወሉን ደወልኩ።

ጋሼ ስልካቸውን ከፍ አድርገው በራቸው ላይ ቆመዋል። ስልኩ ውስጥ አባዬ አለ፤ ገና ጨለማ በሆነ የካልጋሪ ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጧል።

"ይኸው! አንድ እግሬን ከደጄ አላወጣሁም!" ይላሉ ጋሼ፣ ስልኩን ወደ እግራቸው እያዞሩ። "ይኸው መጣች! ብቻዋን ናት! ከኋላዋ ያለው ፖስተኛው ነው!"

"አይቻለሁ" አለ አባዬ። ከዚያ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አየኝ። "የአበርዲን ክረምት እርጥብ ነው አሉ። ይሄ ጃኬት አያዋጣሽም፤ ሌላ እንገዛለን።"

ጋሼ ሻንጣዬን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ስልኩን አዩ።

"ይያዙላት ወንድም ጋሼ" አለ አባዬ። "ደርሳለች።"