አሲ ደሴት ላይ ሳለ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ሺራ ለጉዞዋ የጀርባ ቦርሳ ልትዋስ ቤቴ መጥታ፣ ማማድ በምንለው የመጠለያ ክፍል ያለውን ቁም ሣጥን ስትበረብር፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ አንድ አሮጌ የዋና መነጽር ጎትታ አወጣች፤ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነው፣ ባሕር ውስጥ ዓሣ የሚታይበት ዓይነት ነው። መስተዋቱ ደብዝዟል፣ ጎማው ጫፍ ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል። የማን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ወደ ፊቴ ስታስጠጋው የጎማና የደረቀ ጨው ሽታ መጣብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅነቱ ትዝ ብሎት ፈገግ ይል ይሆናል፤ እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሺራ ውትድርናዋን ጨርሳ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አንዲት የታይላንድ ደሴት ልትሄድ ነው። ቱሪስት ያልደረሰባቸው የሚባሉትን ቦታዎች ስልኳ ላይ ሰብስባ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ፦ ባሕሩ ሲጎድል በትንሽ ጀልባ የሚገባበት ዋሻ፣ ሥሩ ከውኃ በላይ የቆመ ጫካ፣ በጨለማ እጅ ሲነካው የሚያበራ ባሕር፣ መብራት የሌላት የዓሣ አጥማጆች ደሴት። እንደምገረም ጠብቃ ቀና ብላ አየችኝ። አልተገረምኩም። እነዚህን ቦታዎች እሷ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም፣ የማውቃቸው በእናቴ ፍርሃት በኩል ነው።

ያኔ፣ በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፣ በእሥራኤሏ የወደብ ከተማ በአሽዶድ፣ ሮቫ ዛይን በሚባለው ሰፈር ነበር የምንኖረው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ። አባቴ የፋብሪካ ዘበኛ፣ እናቴ ወርቅነሽ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ታላቅ እኅቴ ትርንጎ ነርስነት ትማራለች፤ እኔ ከአዲስ አበባ በተነሣው አውሮፕላን በእናቴ ጀርባ ታዝዬ የመጣሁት የመጨረሻዋ ነኝ። ወንድማችን አስማማው ግን የቤቱ ዓይን ነበር። ጓደኞቹ ስሙ ረዝሞባቸው አሲ ይሉት ነበር፤ እናቴ ይህን ስትሰማ፣ በግማሽ ስም የተጠራ ልጅ ግማሽ ዕድሜ ያገኛል ብላ ትቆጣና ወዲያው በራሷ አፍ ደንግጣ «ከአፌ ይቅር» ትል ነበር። የሥጋቷ ነገር እንዲህ ነው፤ እኔም የወረስኩት እሱኑ ነው።

አሲ ከውትድርና ወጥቶ ወደብ ላይ ጥቂት ሠራና፣ አንድ ዓርብ ማታ ከኪዱሽ፣ ከሰንበት መግቢያው የወይን ቡራኬ በኋላ፣ ወደ ታይላንድ ደሴት ልሄድ ነው አለ። አባቴ ብዙ አሰበና የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ማን አለን? አሲ ማንም የለንም፣ ለመዝናናት ነው ሲል አባቴ ነገሩ አልገባውም። የእኛ ሰው የሚጓዘው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለገበያ ወይም ለሽሽት ነው፤ ዘመድ ወደሌለበት አገር፣ ያውም በውኃ ተከብቦ ለመቀመጥ ይሄዳል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እናቴን ያስፈራት ግን ውኃው ነው። ባሕርን የምታውቀው በበጋ ምሽት ታየሌት በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ መንገድ ላይ ስንንሸራሸር ነው፤ ያኔም ቢሆን ከአጥሩ ወዲህ ሆና፣ ውኃው እንዳይሰማት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

አሲ ሄደ፤ በየሳምንቱም ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ከአንድ ሱቅ ቴሌካርት በሚባለው የስልክ ካርድ ይደውል ጀመር። አባቴ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ይጫናል፣ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን እንሰማለን። መጀመሪያ ሌሎች የማይሄዱበትን መንገድ ይዞ ተራራ ወጥቶ ፏፏቴ ሥር እንደታጠበ ነገረን፤ አባቴ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተራራ ካማረው ጎንደር ምን አጥቶ ነው፣ እኛ በእግራችን የወጣነው ለእሱም ይበቃው ነበር አለ። ቀጥሎ በታንኳ ዋሻ ገባሁ፣ ጣራው ዝቅ ሲል በጀርባዬ ተኝቼ ነው ያለፍኩት፣ ማዶው ላይ ማንም የማያውቀው አሸዋ አለ አለ። አባቴ ዋሻ የሚገባው ሽፍታ ሲመጣ ነው አለና ሳቀ፤ እናቴ ግን ጣሪያችንን ቀና ብላ አየችው። ሌሊት ስለሚያበራው ባሕር በነገረን ዓርብማ እራቷን ሳትበላ ቀረች፤ በልጅነቷ መንደር በጨለማ የሚያበራ ውኃ የጋኔን ነው፣ ሰው ይወስዳል ይባል ነበርና።

በመጨረሻው ጥሪ አሲ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር መብራትም ስልክም ወደሌላት ትንሽ ደሴት ሊሻገር እንደሆነ፣ ለዓርብ ግን እንደሚመለስ ነገረን። ዓርብ መጣ። አባቴ ማጉያውን አስቀድሞ ተጭኖ ጠበቀ፤ ሻማው እስኪበራ ድረስ ስልኩ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ልናገር። ወደ እሥራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ሆነን ስንጠባበቅ፣ በሱዳን በኩል ቀድሞ የተነሣው ታናሽ ወንድሟ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ለእሷ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ በዋዛ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተጠራርቶ፣ ተሰብስቦ፣ ጠዋት ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ሄዶ ያረዳል፣ ሲወድቅም ደግፎ ይይዛል። እናቴ ታዲያ ያንን ጠዋት አልረሳችውም፤ የሴቶቹን ድንገተኛ ዝምታ፣ ጎረቤቷ ያለምክንያት ምግብ ይዛ መምጣቷን፣ ከዚያም የብዙ ሰው ኮቴ።

የስልኩ ዝምታ በጀመረበት ሰሞን ያ ሁሉ ምልክት አንድ በአንድ ደጃችን ደረሰ። ከሕንፃው ሥር ባለው ሱቅ የእኛ አገር ሴቶች ሲያወሩ እናቴ ስትገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። የታችኛዋ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ዳቦ ጋግራ አመጣችና እናቴን ጉንጯን ይዛ ደጋግማ ሳመቻት፤ ትርንጎንም ለእሁድ ቤቱን አሰማምሪው፣ ሰው አይታጣም ብላት ወረደች። እናቴ በሩን ዘግታ እጅዋ ላይ ያለውን ዳቦ ቁልቁል ስታይ ቆየች። ዳቦውን ማናችንም እንድንቆርሰው አልፈቀደችም። እኔ ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ አሲን ዋሻው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ጣራው ወደ ፊቱ ሲወርድ አየሁት።

እሁድ ጠዋት አባቴ አንድ እግር ጫማውን አጥልቆ ሁለተኛውን ሲፈልግ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የአንድ ሰው አልነበረም፤ ቀስ ያለ፣ በየፎቁ የሚያርፍ የአዛውንት ኮቴ፣ ከምርኩዝ ድምፅ ጋር። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ከሮቫ ዩድ የሚመጡት አባ ተገኘ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል። አባ ተገኘ የአገር ሰው ሁሉ የሚሰማቸው ትልቅ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው በጠዋት የወጡበት ነገር ቀላል አይሆንም። ያየሁትን ሳልናገር እናቴ ቁልፉን ከበሩ ላይ ነቅላ በጡጫዋ ጨበጠችው።

«አትክፈቺ» አለችኝ። «ካልገቡ ልጄ አለ።»

አባቴ ሽማግሌ ደጅ አይቆምም ብሎ በለሆሳስ ለመናት፤ ይቁም አለችው። ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ጀመር። ከውጭ ደግሞ፣ በኋላ እንደተረዳነው፣ ሽማግሌዎቹ የቁልፉን መነቀል ሰምተው የመጡበት ጉዳይ ቀድሞ ወጥቶ የተናቁ መስሏቸው ነበር፤ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ፣ አንደኛው እንመለስ ሲል ተሰማ። አባ ተገኘ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው በበሩ በኩል ተናገሩ።

«ወርቅነሽ፣ ባትሰጡንም እሺ፤ ግን በር ተዘግቶብን አንመለስ።»

«ምን ልስጣችሁ?» አለች እናቴ። «ያለኝን ባሕር ወሰደው።» ከዚያ ደረቷን ደቃች፣ እንደ አገር ቤት ለቅሶ፣ የልጅዋን ሙሉ ስም እየጠራች። አስማማው፣ አስማማው ስትል ከታች ያሉት ጎረቤቶች በሮች ሁሉ ተከፈቱ። እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ስለነበር አባ ተገኘ ቀጥሎ ያሉትን የሰማሁት ግማሹን ነው፤ በሩን በጃንጥላቸው እጀታ እየመቱ ምን ነካሽ፣ የምን ለቅሶ ነው፣ እኛ የመጣነው ትርንጎን ለልጃችን ልንለምን ነው ይሉ ነበር። ሱቅ ውስጥ የተቋረጠው ወሬ፣ የእትዬ ብርቄ ዳቦና መሳም፣ ሁሉም የዚሁ ነበር። ሽምግልናም እንደ መርዶ ከባለቤቱ ተደብቆ፣ በጠዋት፣ ሰብሰብ ተብሎ ነው የሚመጣው።

እናቴ አላመነችም። መርዶ ነጋሪዎች ሰውን አረጋግተው በር ለማስከፈት እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚያወሩ ታውቃለች።

«አባ፣ ይማሉልኝ» አለች።

«ኦሪት ትመስክርብኝ» አሉ፤ «ስለ ልጅሽ ክፉም ደግም አልሰማሁም።»

ቁልፉን ከጡጫዋ ልታወጣ ስትል ጣቶቿ እምቢ ስላሏት አባቴ አንድ እግሩን እንደተጫማ መጥቶ አንድ በአንድ ፈታቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ እንደ ወጉም ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፤ ለልጅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና። እናቴ ግን የአስማማው ድምፅ ሳይሰማ በዚህ ቤት የሠርግ ስም አይነሣም አለች። ይህን ስትል ለእምቢታ አልነበረም፤ ሌላ የምትለው ስለጠፋት ነው። አባ ተገኘ ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው፣ ወጉን ትተው፣ ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። ጭንቅ ካለበት ቤት ተነሥቶ አይኬድም አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤታችን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፣ በልመና ፈንታ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡም የእኛንና የሙሽራውን ቤተሰብ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረው ዘመዳሞች አለመሆናችንን አረጋገጡ፣ መልስ ግን አልጠየቁም። ሊያገባት የፈለገው ልጅ ራሱ አንድ ቀን ዳቦ ተሸክሞ መጥቶ፣ ቀና ብሎ ሳያይ በሩ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴ ጀርባዋን ትሰጠዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት ጮኸ። አባቴ ፋብሪካ ነበር፤ ትርንጎ አነሣችውና ለእናቴ ዘረጋችላት። እናቴ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፣ ፊቷ አልተለወጠም፣ ከዚያ ስልኩን አጠገቧ ለተቀመጡት ለአባ ተገኘ አቀበለቻቸው።

«አንቱ ይስሙልኝ» አለች። «እኔ ጆሮዬን አላምነውም።»

አባ ተገኘ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሱ ነው አሏት መጀመሪያ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረው፣ ልጄ፣ እኅትህን ልንለምን መጥተን አንተን ስናለቅስ ሰነበትን፣ ቶሎ ና አሉት። ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዎቹ አንሻገርም ብለው ነበር ነገሩ። አሲ እኛ እዚህ ስንሞት፣ እዚያ ከሰውየው ልጆች ጋር ዓሣ እየበላ ነፋሱ እስኪያርፍ ይጠብቅ ነበር። እናቴ ትርንጎን የሰጠቻቸው ያን ቀን ነው፤ ሽማግሌዎቹም ስለ ተቀመጡ ለምርቃቱ እንደገና መነሣት ነበረባቸው።

አሲ መነጽሩን ይዞ መጣ። ያየሁትን ለእናቴ ካላሳየሁ ብሎ አንድ ምሽት ወደ ባሕሩ ወሰደን፤ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ መነጽሩን ከሻሿ በላይ አሰረላትና አጎነበሰች። የአሽዶድ ባሕር አሸዋ ነው፣ ዓሣም ቀለምም አይታይበትም። የራሷን እግር አይታ ተነሣችና ይህን ልታይ ነው የገደልከኝ አለችው፣ ሳቀችም፤ ከዚያ ግን ሳንነግራት እንደገና አጎነበሰች፣ ቆየችም። መነጽሩን ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሰጠችም።

አባ ተገኘ ካረፉ ቆዩ፤ አብረዋቸው ያን ደረጃ የወጡትም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አባቴም የለም። ሮቫ ዛይን ያለው ቤታችን ሰው ገብቶበታል። እናቴ ያረፈች ቀን እኔ ወደ ሥራ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ በቤተሰቡ ዋትሳፕ ላይ ከአንድ የአጎት ልጅ የመጣ አጭር ጽሑፍ ነበር፣ ሥሩ ላይ የሚያለቅስ ፊት ተለጥፎበታል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ለሁሉም ቶሎ ይድረስ ብሎ ነው። አንድ እጄ የአውቶቡሱን ብረት እንደያዘ ደጋግሜ አነበብኩት። የማላውቃት ሴት ትወርጂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ብያት ወረድኩ፣ የት እንደወረድኩ ግን እስካሁን አላስታውስም።

ሺራ ነገ ትበራለች። መነጽሩ ውኃ ያስገባል ስላት፣ የአያቴ ከሆነ ይግባ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በየቀኑ ፎቶ እልካለሁ፣ አትጨነቂ ብላኛለች፤ ከአሁኑ ስልኬን ከእጄ ማውረድ አቅቶኛል። ስልክ ደረጃ አይወጣም፣ ኮቴም የለው፣ በር ቆልፌ ላስቆመው አልችልም። እናቴ ያን ጠዋት ሽማግሌዎቹን ደጅ ያቆመቻቸው ክፉ ወሬ ሰው ካላመጣው የማይገባ መስሏት ነው። እኔ ግን ዛሬ ያ ኮቴ ደረጃው ላይ ቢሰማኝ፣ ለምን እንደመጡ ሳልጠይቅ በሩን እከፍትላቸው ነበር።