በካርዶቹ ላይ የሌሉ ቃላት

ልጅ ሳለሁ ተረት የነገሩኝ ሰው፣ ተረቱን የሚነግሩበትን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ቻይናዊ ነበሩ። እናቴ ጋሼ ሊያንግ ትላቸዋለች። ጋሼ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስረድቷቸው አያውቅም፤ ሲጠሯቸው ግን ቀና ይሉ ነበር።

የአገራችን ሰው ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ እኛ ፎቅ ላይ፣ እሳቸው ከሥራችን እንኖር ነበር። አባቴ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ እናቴ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ሁለቱም የሚገቡት ከመሸ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ሊያንግ ዘንድ እቆያለሁ። ቤታቸው ጠባብና ቀዝቃዛ ስለነበር የምንቀመጠው ምድር ቤት፣ ተከራዩ ሁሉ በጋራ በሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ያኔ ማድረቂያዎቹ መዞር ሲጀምሩ ክፍሉ ቀስ እያለ ይሞቃል፣ የሳሙናና የትኩስ ጨርቅ ሽታ ይሞላዋል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለችው አንዲት አምፖል የጋሼ ሊያንግን ግንባርና የሚያነቡበትን ወረቀት ብቻ ታበራለች። ሌላው ልጅ ተረት የሰማው እሳት ዳር ይሆናል። እኔ ያየሁት ከማድረቂያው ክብ መስታወት በስተጀርባ የሚገላበጥ የሰው አንሶላ ነው።

ጋሼ ሊያንግ ለዜግነት ፈተና ይዘጋጁ ነበር። ፈተናው ላይ ማንበብ አለ፣ መጻፍ አለ፣ ከፈታኙ ጋር መነጋገርም አለ። ባለቤታቸው ቻይና ነች። እሳቸው ዜጋ ከሆኑ ወረፋ ሳትጠብቅ ትመጣለች፤ ካልሆኑ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሷም ወጣት አይደለችም። አባቴ ፈተናውን ቀደም ብሎ ስላለፈ በሰፈራችን እንደ አስተማሪ ይቆጠር ነበር። ለንባቡና ለጽሕፈቱ የሚመጡት ቃላት የታወቁ ስለሆኑ እያንዳንዱን በካርድ ላይ ጻፈ፣ ካርዶቹን በላስቲክ አሰረና ሰጣቸው። ከእነዚህ ውጪ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አጥብቆ መከራቸው። ብዙ ካወሩ አለማወቅዎን ያውቁብዎታል፣ ዝም ካሉ ግን ጨዋ ይመስላሉ አላቸው። ይህን ያለው ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጁ ነው። እሳቸውም ተቀበሉት።

የማስጠናት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። እኔ ሳስጠናቸው እሳቸው ተረት ይነግሩኛል፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። ተረቱም ቢሆን በካርዶቹ ቃላት ብቻ የሚነገር ነው፤ ከአባቴ ምክር ፈቀቅ አይሉም። ነብር የሚል ካርድ ስለሌለ ነብሩ ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ዝሆኑ «ትልቁ ዜጋ» ነው። ጦጣዎቹ ሴኔተሮች ናቸው። ምንም ምትክ ያልተገኘለት ቃል ላይ ሲደርሱ ደግሞ የማጠቢያውን ክዳን በጣታቸው አንጓ ኳ ያደርጉና ያልፋሉ። ኳ ያለውን ቦታ የምሞላው እኔ ነኝ።

«ፕሬዚዳንቱ በሰሜን ይኖራል። ሕዝቡ በደቡብ ይኖራል። ፕሬዚዳንቱ መምጣት ይፈልጋል። ሕዝቡን ኳ ይፈልጋል።»

ኳው መብላት መሆኑን ከጥርሳቸው አውቃለሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ተረት ክፍል ውስጥ ስናገር አስተማሪዋ ደንግጣ ወደ ቤት ደወለች። አባቴ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ግን እስከ ቤት ድረስ ሲስቅ ሄደ። «እሺ ፕሬዚዳንቱስ ይብላ፣ ሴኔተሮቹ ምን ቀራቸው?» አለኝ።

የጽሕፈቱ ነገር ሌላ ነበር። ጋሼ ሊያንግ በልጅነታቸው የቻይንኛ ፊደል የተማሩት በአራት ማዕዘን በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውንም በዚያው ዓይነት ወረቀት ይጽፉት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቤት። ፊደሉ ከቤቱ ግድግዳ ከነካ ያጠፉትና እንደገና ይጽፉታል። በቃልና በቃል መካከል አንድ ባዶ ቤት መተው እንዳለባቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ባዶውን ቤት ሲዘሉ እርሳሳቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ውኃ የሚሻገር ሰው ይመስሉ ነበር።

በእነዚያ ተረቶች ውስጥ ማንም አይሞትም ነበር። ሞት የሚል ካርድ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ የበላቸው ሰዎች በማግስቱ ምሽት ተመልሰው ይመጣሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ይመርጣሉ። እኔም ተረት ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሚስቴ በሞተች ዓመት ነው። ትንሽ ሴት ልጅ አለችን። ለልቅሶ የመጡት ዘመዶች፣ ከፌርፋክስም ከግሌንዴልም፣ አንድ ምክር ሰጡኝ፤ ለልጅቱ እናትሽ አገር ቤት ሄዳለች በላት አሉ። ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። ወራት ሙሉ የነገሩኝን አደረግሁ። ልጄ ግን አልረሳችም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጣ ትሄዳለች።

ጋሼ ሊያንግ የተፈተኑ ቀን ትምህርት አልነበረኝም፣ አብሬ ሄድኩ። አባቴ እሳቸውን ከፊት አስቀምጦ መንገዱን ሁሉ ሲያበረታታቸው ነበር። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ካርዶቹን በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ውስጥ የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነው ያሳዩን። ዓረፍተ ነገሩን አነበቡ። ጽሕፈቱንም ጻፉ፤ ፈታኙ ወረቀቱን አንስቶ እስኪያይ ድረስ አሳምረው ጻፉ። ከዚያ ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠና ስለ ባለቤታቸው ጠየቃቸው። የት ነው የምትኖረው? ከተያያችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? ደህና ነች? ጥያቄው ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ሚስት የሚል ካርድ ግን አልነበረም። አባቴ ደግሞ ዝም ይበሉ ብሏቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው የፈታኙን ጠረጴዛ በጣታቸው አንጓ ኳ አደረጉ።

ፈታኙ ጠበቀ፤ ደግሞ ጠየቀ። ደግመው ኳ አደረጉ።

ማንበቡንና መጻፉን አልፈው በንግግሩ ወደቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ዕድል እንዳላቸው ተነገራቸው። ስንመለስ አባቴ የዕድል ጉዳይ ነው እያለ መሪውን ይመታ ነበር። «እኔ ስፈተን እኮ ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም» አለ፣ ደጋግሞ። ጋሼ ሊያንግ በመስኮቱ ውጪውን ያያሉ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ሚስት ጥቂት ወራት የላትም።»

በማግስቱ ካርዶቹን ሳይዙ መጡ። የየቀኑን እንግሊዝኛ እንዳስተምራቸው ፈለጉ፤ ሰው የሚያወራውን። ያኔ ያገኘነውን ሁሉ ማንበብ ጀመርን። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ፣ የገበያ ማስታወቂያ፣ የሕንፃው ባለቤት በየበሩ ሥር የሚሰደውን የፓርኪንግ ወረቀት እናነባለን። እሳቸው ደግሞ ለተከራዩ ሁሉ ይጽፉ ነበር። ውድ ጎረቤት፣ ልብስዎ ደርቋል ብለው ማድረቂያው ላይ ያስቀምጣሉ። ለእናቴ ልጁ በልቷል፣ ልጁ ትንሽ አስቸግሯል ብለው ይጽፉላታል። እናቴ የጻፉላትን ሁሉ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፈው ነበር።

ነብሩና ዝሆኑ እዚያው ቀሩ። ተረቱ ሁሉ ስለ ባለቤታቸው ሆነ። ጉልበቷን ያማታል። ዓሣ ጨው አብዝታ ትሠራለች። ስልክ ላይ ስትናገር እሳቸው ሩቅ ስለሆኑ ትጮኻለች፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። አንዴ ከገበያ ዳክዬ ገዝታ ስትመለስ ዳክዬዋ አምልጣት መንደሩን ሙሉ እንዳባረረቻት ሲነግሩኝ፣ ማባረሩን ለማሳየት ከወንበራቸው ተነስተው ማጠቢያዎቹን ዞሩ። ዳክዬ የሚለውን ቃል የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ለፈታኙ የምትነገረዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ በየምሽቱ እናጠናት ነበር፤ ሚስቴ እየጠበቀችኝ ነው፣ እኔም እየጠበቅኋት ነው።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ምሽት ዘግይተው ወረዱ። ልብስ የሚያደርቅ ሰው አልነበረም፤ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ተቀመጡ። ወረቀታቸውን ዘርግተው እርሳሱን ያዙ፤ አልጻፉም።

«ትናንት ሚስት ትጠብቃለች» አሉ። «ዛሬ ሚስት...»

ጣታቸውን ክዳኑ ላይ አነሱ። አልመቱም።

«ቃሉን ንገረኝ» አሉ።

ታመመች? አልኳቸው። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ተኛች? አይደለም። ወደዚህ መጣች? አሁንም አይደለም። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋዬ አውቀዋለሁ። ለትልቅ ሰው መንገር ግን አስፈራኝ። በመጨረሻ ነገርኳቸው። እንድጽፈው ጠየቁኝ፣ ጻፍኩት። ከሥሩ እሳቸው ጻፉት፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቤት፣ ከግድግዳው ሳያስነኩ። ከዚያ ጮክ ብለው ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩት። ተሳሳቱ። አረምኳቸው። ደግመው ተናገሩት።

ፈተናው ላይ ቀረቡ። እናቴ አሁን ምን ያደርግላቸዋል ብላ ነበር፤ አባቴ ግን መኪናውን አስነሳ። ፈታኙ ስለ ባለቤታቸው ጠየቃቸው። መለሱለት። ሰውየው አዝናለሁ አለ፤ ቀጥሎም እንግሊዝኛዎ በጣም ተሻሽሏል አላቸው። አለፉ።

አባቴ ለሳምንት ያህል ፌርፋክስ ላይ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ቻይናዊው ተማሪዬ ፓስ አደረገ ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት ሊል እቤታቸው ሄዶ ሳለም፣ ሳያስብ ይመስለኛል፣ «ሶ ጋሼ፣ አሁን ማንን ያመጣሉ?» አላቸው። እናቴ ክንዱን ያዘችው። ጋሼ ሊያንግ የቀረበላቸው ጥያቄ ስለሆነ በተማሩት መሠረት መለሱ።

«ማንንም አላመጣም» አሉ። ስህተት አልነበረበትም።

ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። የት እንደሆነ አላውቅም። በሕይወት ካሉ በጣም አርጅተዋል።

ከእነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልህ ብባል ተረቶቹ ናቸው ለማለት እፈልግ ነበር። አይደሉም። የቀረኝ እኚያ ሽማግሌ አንዲት ቃል ለማግኘት ወደ ምድር ቤት መውረዳቸው ነው። ለስላሳ ቃል አልለመኑኝም። በራሳቸው ቋንቋ ቃሉ ነበራቸው፤ እዚህ ግን የሚሰማቸው ሰው አልነበረም። እንደዚህ ዓይነት ሐዘን ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። አሁን ኖርዝ ሆሊውድ፣ ከልጄ ጋር በሁለት ቋንቋ በምናወራበት ቤት፣ ቃሉን በሁለቱም እያወቅሁ ወራት ሙሉ በአገር ቤት ጉዞ ሸፈንኩት። እሳቸው ሊያውቁት የፈለጉትን እኔ ከልጄ ደበቅሁ።

ባለፈው ሳምንት ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ነበረች፣ የራስጌው መብራት በርቷል። እናትሽ ሞታለች፣ አትመጣም አልኳት። በአማርኛ ነገርኳት፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። አላለቀሰችም። የብርድ ልብሱን ጫፍ እያፍተለተለች ቆየች።

«ሐሙስ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣኛል?» አለችኝ።

ሐሙስ የእናቷ ቀን ነበር።

«እኔ» አልኳት።

አሰበች። ከዚያ ስለ ዓርብ ጠየቀችኝ።