ወገብ ያለው ፊደል

አምና ላረፈው አባቴ የመቃብር ጽሑፍ ላሠራ መካነ ሰላም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ማተሚያ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጎረቤቱ በሩን በዘይት ቀለም ይቀባ ኖሮ ሽታው ድንገት መጣብኝና የሄድኩበት ጉዳይ ለአፍታ ጠፋኝ።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን የሚሸተው እንዲህ ነበር። አባቴ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ፣ ወረኢሉና ደጎሎ የሚመላለሱት መኪኖች ግንባር፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰሌዳ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ፊደሉ ወፍራም ነው፣ ግን ድፍን ያለ አይደለም፤ እንደ ዘነዘና ወገቡ ሰብሰብ ብሎ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል፣ የ«ለ» እግሮች መሬቱን ረግጠው የቆሙ ይመስላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ፊደልህ ለመቀሱ ሥዕል ቦታ አሳጣኝ እያለ ሲነዘንዘው ትዝ ይለኛል።

የአባቴ ፈታኝ እናቴ ነበረች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ብትቆጥርም ንባብ የለመደችው ከእሱ ሰሌዳዎች ነው፤ ከሌላ ጽሑፍ ጋር እስከ ዛሬ አልተዋወቀችም። ሥራው ባለቀ ቁጥር ምሳውን ይዛ ስትመጣ ከመንገዱ ማዶ ያቆማታል፤ እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ወ... ፍ... ጮ» ትላለች፣ ከተደናቀፈች ብሩሹን አንስቶ የፊደሉን እግር ያሰፋዋል። ባለወፍጮው ቸኩሎ ሲቆጣ መልሱ አንድ ነበር፤

«ዓለምነሽ ካነበበችው አገር ያነበዋል።»

እንግዲህ የዚህ ሰው ስም በዚያው ፊደል እንዲጻፍ፣ እሷም ራሷ እንድታነበው ፈለግሁ። ይሄ ምን የሚበዛ ነገር አለው? ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ግን «ፋዘር፣ ያለን ፎንት ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ቀጫጭን ፊደል አሳየኝ። አወፍረው ስለው አንድ ነገር ነካ አድርጎ ሁሉንም እኩል አሳበጠው፤ የ«መ» ዓይኖች ተደፈኑ። ወገብ ይኑረው ብለው ሳቀ፣ ከዚያም ናሙና አምጣ አለኝ። ከየት አባቴ ላምጣ? ከተማው በሙሉ ባነር ለብሷል፤ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ስንት ቀን ፈልጌ ባገኘው የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ ጽሑፉን ዝገት በልቶታል። በንዴት ራሴ ካርቶን ላይ ሞከርኩ፤ ዕድሜዬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ መምህር አንዲት «ለ» አስተካክዬ ማቆም አቃተኝ። አባቴ ብሩሹን ሲዘረጋልኝ ልብሴን ቀለም ይነካዋል ብዬ የሸሸሁት እኔው ነኝ፤ የማተሚያ ቤቱን ልጅ ምን አድርግ እለዋለሁ።

በመጨረሻ ያንኑ ያበጠ ፊደል እምነበረድ ላይ አስቀርጬ እናቴን ወደ መቃብሩ ይዣት ሄድኩ። ዓይኗ ደህና ነው፤ መርፌ ላይ ክር ታስገባበታለች። ድንጋዩን ቀረብ ብላ አየችው፣ ራቅ ብላ አየችው፣ ከንፈሯ ሊጀምር አለና ተወው።

«ስሙ የቱ ጋ ነው ልጄ?» አለችኝ።

በጣቴ አሳየኋት። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ መልሳ የምታጽናናኝ እሷው ሆነች፤ «አብሽር፣ አንተ አንብብልኝ» አለች። እኔም እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ድምፄን ከፍ አድርጌ የገዛ ባሏን ስም አነበብኩላት።