ሽማግሌው የሚያዳምጡት ድምፅ

ሽማግሌው ባንክ ከገቡ ጀምሮ መቀመጫ አልረጋላቸውም። ቁጭ ይላሉ፣ ወዲያው ብድግ ይላሉ፣ እስከ በሩ ሄደው ይመለሳሉ። በጥድፊያ የቆለፉት ኮት አንዱ ጎኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ግን አንዲት ቃል አይናገሩም።

ተራቸው ደርሶ ወደ ብድር ክፍል ሠራተኛዋ ቀረቡ። የመጡት ጣሪያቸው ላይ ሶላር ለማስተከል ነው። ባንኩ ለእንዲህ ያለው ሥራ "አረንጓዴ ብድር" እያለ ሲያስተዋውቅ በሬዲዮ ሰምተዋል።

"አባባ፣ ብድሩ የረጅም ጊዜ ነው። ዕድሜዎ ከገደቡ አልፏል" አለቻቸው፣ እንደ ምንም ብላ።

"ለፀሐይዋም ዕድሜ ወስናችሁላታል?" አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸው በሩ ላይ እንዳለ።

"እስቲ ስልኩን ይዝጉትና እንነጋገር።"

"አልዘጋውም፣ ልጄ። ባለቤቴ የምትተነፍሰው በመሣሪያ ነው። ሌላውን ስልክ መስመሩ ክፍት እንደሆነ አጠገቡ ትቼ ነው የመጣሁት። መብራት ሲሄድ የመሣሪያው ድምፅ ይቋረጣል፤ ያኔ ሮጬ የኦክስጅን ሲሊንደሩን እከፍትላታለሁ።"

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ የሽማግሌው ፊት ልውጥ አለ።

"ሄደ!" አሉና በዚያ ዕድሜያቸው ሰው እየገፉ ወጡ።

ቀጣዩ ደንበኛ ወንበር ስቦ ጉዳዩን ይነግራት ጀመር። አንዱንም አልሰማችውም። ተነሥታ የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን የዕድሜ ገደብ ያወጣው ማን ነው?"