የቦዩ አፍ ድንጋይ

ጉና ግርጌ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ በመኪናዬ ስወጣ አንድ የዶክትሬት ተማሪ አብሮኝ መጣ። የሰው ሥራ በወንዝ ውስጥ የሚኖሩትን ነፍሳት ምን እንዳደረጋቸው ያጠናል። እኔን ቢጠይቀኝ ባንድ ቃል እነግረው ነበር፤ ጨርሷቸዋል። እሱ ግን ከደብረ ታቦር ገበያ የገዛውን ቦቲ አጥልቆ፣ መረብና ብልቃጥ ይዞ ወረደ።

መጋቢት ነው፤ ወንዙ ቀጥኖ የጫማ ክር አክሏል። ገበሬው ማሳውን የሚያጠጣው በተራ ሲሆን፣ ተራውን የሚዳኙት የውሃ አባት የሚባሉ አዛውንት ናቸው። በታችኛው ቦይ አፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ድንጋዩ ካለ ውሃው የላይኛው ገበሬ ነው፤ ከተነሳ ተራው ወደ ታች ወርዷል። ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

ተማሪው ደግሞ ነፍሳት የሚሸሸጉት ከድንጋይ ሥር ነው ብሎ፣ ያገኘውን ሁሉ እየገለበጠ ሲሄድ ያንንም ገለበጠው።

የታችኛው ገበሬ ውሃው ሲመጣለት ተራዬ ደረሰ ብሎ ወደ ማሳው መራው። የላይኛው ቦይ ደረቀ። ባለቤቱ አካፋውን ይዞ እየሮጠ ወረደ። ሁለቱ አበልጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንስቷል።

«አበልጄ፣ ሌብነት የጀመርከው በጾም ነው?»

«ውሃው በእግሩ መጣ። ልመልሰው?» አለ የታችኛው።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጆሮውን ይዞት ሄደ። የታችኛው ከጭቃው ተነስቶ በዱላ አፉን ሲለው፣ የላይኛው ጥርሱን ተፋ። ዘመድ ከሁለቱም ወገን ደረሰና ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። እኔ በሕግ አምላክ ብዬ ጮኽሁ፤ መልሱ በግንባሬ ላይ መጣ። ደሜን ጠርጌ ሳይ፣ የላይኛው አበልጁን በጀርባው አስተኝቶ፣ ደረቱን በጉልበቱ ተጭኖ፣ አካፋውን ወደ አንገቱ አንስቷል።

ተማሪው ብልቃጦቹን ጥሎ መሀል ገባ።

«ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም።»

አካፋው ግን ጉዞ ጀምሮ ነበር። ተማሪው ክንዱን አስገባበት። አጥንቱ ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። አበልጅ ቢጋደል ደም ነው፤ ደም በካሳ ይታረቃል። እንግዳ መምታት ግን ነውር ነው፤ ለነውር ዋጋ አልወጣለትም። የላይኛው አካፋውን ጣለና ጋቢውን ቀዶ፣ ከአፉ ደም እየተንጠባጠበ፣ የተማሪውን ክንድ ያስር ጀመር። ከዚያ አበልጁን በጀርባው አዝሎ እስከ መኪናው አወጣው። ሦስቱን በነጭ ሽንኩርት ጆንያዎች ላይ ጭነን ደብረ ታቦር ወረድን።

ሆስፒታል በር ላይ ፖሊስ ማን እንደመታቸው ጠየቀ። የታችኛው፣ ገደል ገብቼ ነው አለ። ፖሊሱ ወደ ተማሪው ዞረ። ተማሪው አበልጆቹን አያቸው፤ እሱም ገደል ነው አለ።

«የት ያለ ገደል ነው ሦስት ሰው ባንዴ የሚበላው?»

«መጥፎ ገደል ነው» አለ የላይኛው፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ።