ከወግዲ ማዶ በብስክሌት የደረሰ ስልክ

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ኅዳር ነው። ከደሴ ትናንት ነው የገባሁት፣ በጭነት መኪና፣ ብስክሌቴ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ታስራ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ «መኪና እያለ ይሄን መርገጥ ምን ይሉታል?» እያለ ሲስቅብኝ መጣ። ምን ልመልስለት? ዕድሜዬ ሃምሳን እያንኳኳ ነው፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ግን ፒስታ መንገድ ሳይ አያስችለኝም። የመጣሁት ከመካነ ሰላም በወግዲ አድርጎ ወደ ዓባይ ገባሮች የሚወርደው የጠጠር መንገድ ለብስክሌት ይሆን እንደሆነ አይቼ ለመጻፍ ነው።

ቁርሴን የበላሁበት ሻይ ቤት ባለቤት ሰይዳ ትባላለች። ፍርፍሩን አስቀምጣ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ወግዲን አልፌ ወደ ወንዙ እንደምወርድ ስነግራት እጇን በፎጣ ጠርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«በአላህ፣ አንድ አደራ ላስይዝህ።»

አደራው ሞባይል ነው፣ ባለ ቁልፍ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። ከወግዲ ማዶ፣ አፋፉ ላይ ባለ መንደር የሚኖሩት የእናቷ የእትዬ ዘይነባ ነው። ውሃ ገብቶበት ሁለት ወር እዚህ ሠሪ ጋ ከርሞ ትናንት ማታ ተሠራ። ወንድሟ ጀማል ዓረብ አገር ብሎ በባሕር ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። ከመንገድ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ደግሞ የእናቱን ብቻ ነው።

«እማዬ ሲሙን ለማንም አልሰጥም ብላ መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። አርብ አርብ የጎረቤት ስልክ ትዋስና ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ትወጣለች። ልጁ አርብን በምን ያውቃል?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በእጇ ስጣት። ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ፣ ስልክ ነው፣ በዚያው ይቀራል።»

ቃል ገባሁ። ለጎማዬ ከያዝኳቸው ትርፍ ካላማዳሪዎች ጋር ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ለአንባቢ እውነቱን ልናገር። ከከተማው ስትወጣ መንገዱ ጨዋ ነው፤ የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ግራና ቀኙ የታጨደ ገብስና ያልታጨደ ስንዴ። ከዚያ ኮረኮንቹ ይጀምራል። ክረምቱ ቦይ አውጥቶበታል፣ የጭነት መኪናዎቹ ደግሞ ቦዩን አስፍተውታል። ሰፊ ጎማ ከሌለህ አትምጣ። አንድ አይሱዙ አልፎኝ አቧራው እስኪበተን ድረስ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዳገቱ ላይ በቅሎ የሚስቡ አዛውንት አገኘሁ። ብስክሌቴን ዞረው አዩዋት።

«ይቺ ስንት ትጭናለች?»

«እኔን ብቻ።»

«ዳገት ላይስ?»

«ዳገት ላይ እኔ ነኝ የምገፋት።»

አዘኑልኝ። «ታዲያ አንተ ነህ የምትጫን እንጂ!» አሉና ከአገልግላቸው ቅቅል ድንች ሰጡኝ። ገንዘብ ላውጣ ብል ተቆጡ።

ረቡዕ፣ ማምሻ፣ ወግዲ

አልጋ ሁለት መቶ ብር። አንሶላው ንጹሕ፣ በሩ የማይዘጋ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣራሁ፣ ሰላም ነው። የአልጋ ቤቱ ሴትዮ «ቆላው ፀሐይ ከወጣ አያስገባህም፣ በጊዜ ውረድ» ስላሉኝ ሳይነጋ ለመነሣት ወሰንኩ። ምክራቸው ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ከ20፣ አፋፉ ላይ ያለ መንደር

የንፋስ ጃኬቴ ጥቁር ነው። ራሴን የጠመጠምኩበት ፎጣም ጥቁር ነው። መንደሩ ስደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ጤፍ ለማጨድ የወጡ ሦስት ሰዎች አገኘሁና የጀማልን እናት የእትዬ ዘይነባን ቤት ጠየቅኋቸው።

ሦስቱም ቀጥ አሉ። አንዱ ማጭዱን ከትከሻው አወረደ።

«ኸይር ነው? ከየት ነው?»

«ከመካነ ሰላም፣ ልጃቸው ሰይዳ ልካኝ ነው።»

«ምን ብላ?»

የሰይዳ ቃል ትዝ አለኝ። «ለራሳቸው ነው የምነግራቸው» አልኩ፣ ኮስተር ብዬ።

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ወደ ታች ሮጠ። ሁለተኛው ብስክሌቴን ከእጄ ተቀበለኝና «ብቻህን አትግባ፣ ሼሁ ይምጡ። እሷም መጀመሪያ እህል ትቅመስ» አለኝ። እኔ በሆዴ «የወሎ ሰው እንግዳ አቀባበል!» እያልኩ ነው። ከየቤቱ ሴቶች ወጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንዷ አፏን በእጇ ይዛለች። አሁንም አልገባኝም።

ሼህ ሙሄ የሚባሉ፣ ሰማንያን ያለፉ አባት መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ሬሳው ተገኝቷል ወይስ ባሕሩ ነው የወሰደው?» አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። መልእክተኛው ከሩቅ ይመጣል፣ ለሌላ ሰው አይናገርም። የደሴ ልጅ ሆኜ፣ የገዛ አባቴን መርዶ በዚህ ሰዓት ሰምቼ፣ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? ደደብ!

አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ ዘይነባ በሩን ከፍተው ወጡ። ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ። አልጮኹም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና «ንገሩኝ። አውቄዋለሁ» አሉ።

«ስልክ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ስልክዎ ተሠርቶ ነው! ሌላ ምንም የለም፣ ወላሂ ምንም የለም!» የቦርሳዬ ዚፕ አልከፈት አለኝ። ካላማዳሪው፣ ጎማ መንፊያው፣ ቆሎው፣ ሁሉም መሬት ላይ ተበተነ። ሼህ ሙሄ ስልኩን አንሥተው እትዬ ዘይነባ እጅ ላይ አስቀመጡት። ሴትዮዋ ስልኩን አገላብጠው አዩት። ሰዉ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ማልቀስ ጀምሮ ማቆም አቅቶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የአጨዳው ነገር ቀረ። ሁላችንም ጉብታው ላይ ወጣን። እትዬ ዘይነባ መቀነታቸውን ፈትተው ሲሙን ሰጡኝ፣ ከተትኩት። ስልኩ ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ተደውሎ ያልተነሣ ጥሪ መኖሩን የሚነግር መልእክት ነው። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ።

«ትናንት? ትናንት ነው ያልከኝ?» ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። መልሰን ስንደውል አልሠራም።

ሼህ ሙሄ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏቸው። ለእኔ ግን ቀስ ብለው «እሱ ይሁን፣ ስለ እሱ የሚነግረን ሌላ ሰው ይሁን፣ አላህ ነው የሚያውቅ» አሉኝ። እትዬ ዘይነባ ሰምተዋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ሂድ፣ መንገድህ አይቅርብህ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት፣ ወንዙ

ቁልቁለቱ ለጀማሪ አይሆንም። ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ መታጠፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ፍሬን ስይዝ መዳፌ ደነዘዘ። ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ማሽላ፣ ግራር፣ ነጭ አሸዋ። ውሃው ከጉልበት በታች ስለሆነ ብስክሌት ተሸክሞ መሻገር ይቻላል። ቦታው ያምራል። ለዚህ ስል ከደሴ ድረስ መጥቼ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ የማስበው ጉብታው ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ብቻ ሆነ። መልካም ዜና ካልሆነስ? ስልኩን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ማዶውን ሳላይ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፣ ጉብታው

ዳገቱን ሙሉ የወጣሁት እየገፋሁ ነው። አፋፉ ላይ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። የብዙ ሰው ለቅሶ ነው። ብስክሌቴን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ከጠዋቱ ሰዎች አንድም የሄደ የለም። ማጭዶቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። እትዬ ዘይነባ መሐላቸው ቆመው ስልኩ ላይ ይጮኻሉ፦

«ታስሬ ነበር ይለኛል! ስምንት ወር! አንተ ከብት፣ ስምንት ወር እኮ ነው! እህል በልተሃል? መልስልኝ፣ በልተሃል?» ለቅሶው አላስጨርስ አላቸው። ሲያዩኝ ስልኩን ደረቴ ላይ ገፉት። «እንካ፣ አናግርልኝ፣ እኔ አቃተኝ።»

«ሄሎ» አልኩ፣ እኔም እያለከለክሁ።

«ማን ነህ?» የልጅ እግር ድምፅ ነው፣ ቀጭን።

«ስልኩን ያመጣሁት ሰው ነኝ።»

ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ወንድሜ፣ በአላህ አትደብቀኝ። ያ ሁሉ ሰው ይጮኻል። ማን ሞቶብን ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ጀማል» አልኩት። «አንተ ስላለህ ነው የሚያለቅሱት።»